መዋጥ የፈራሁበት ዓመት

ስሜ ሲሳይ ነው። የምኖረው በሱዳን ጠረፍ አጠገብ፣ ሽንፋ ነው፤ እንጀራዬም ትራክተር መንዳት ነው። ይህን የምጽፈው ሐኪም ሆኜ ወይም ብዙ አውቄ አይደለም። እንደኔ ሆኖ፣ አፍሮ ዝም ያለ ሰው በየቤቱ እንዳለ ስለደረስሁበት ነው። አንድ ሰው እንኳ አንብቦ «ይሄማ የኔ ነው» ካለ ይበቃኛል።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት፣ በሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው። የአንድ ማሳ አጨዳ ሲያልቅ የምሠራለት ባለሀብት ለሠራተኞቹ ፍየል የማረድ ልማድ አለው። እኔም በተሳቢ ውኃ አድርሼ ስመለስ ትሪው ዙሪያ ተቀላቀልሁ። ርቦኝ ነበር። እያወራሁ፣ እየሳቅሁ ስጎርስ አንድ ጅማት ያለው ሥጋ በደንብ ሳላላምጠው ሄዶ ጉሮሮዬ ላይ ተቀረቀረ።

ትንፋሽ የሚባል ነገር ጠፋ። መናገር አልቻልሁም፣ ማሳልም አልቻልሁም። የሠራተኞቹን ፊት አያለሁ፤ ድምፃቸው ግን እየራቀኝ ሄደ። ከጎኔ የነበረ ይስማው የሚባል ከጎጃም የመጣ ጎልማሳ አንገቴን አስጎንብሶ ጀርባዬን በመዳፉ መታኝ። በሦስተኛው ምት ሥጋው ዘሎ ወጣ።

«ወይ ጉድ! ይሄን የሚያህል ሰው በቁራጭ ሥጋ ሊሞትብን!» አለ ይስማው። ሁሉም ሳቀ። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ። ያን ቀን ማታም በልቼ ተኛሁ።

በአራተኛው ቀን ቤቴ ተቀምጬ ምሳ ቀረበልኝ። አንድ ጉርሻ አፌ ውስጥ አስገባሁ፣ አላመጥሁ፣ ልውጥ ስል ጉሮሮዬ ተቆለፈ። ልቤ ይደልቃል፣ መዳፌ ላብ በላብ ሆነ፣ ጆሮዬ ጮኸ። የተቀረቀረ ነገር የለም፤ እኔ ግን ልክ ያን ቀን እንደሆንሁት ሆንሁ። ጉርሻውን በእጄ ላይ ተፋሁት።

ባለቤቴ ያልጋነሽ አየችኝ። አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉን። ድምጿ ከፍ ያለ፣ ሳቋ ከአጥር ውጭ የሚሰማ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጨው በዛበት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አዎ፣ ጨው በዛበት» አልሁ። የመጀመሪያ ውሸቴ ያ ነበር።

መጀመሪያ የተውሁት ሥጋ ነው። ቀጥሎ እንጀራ ቀረ፣ ከዚያ ዳቦ፣ ከዚያ ሩዝ። በጥር ወር የምኖረው በሙቅ፣ በወተትና ከሱዳን በሚመጣው የአበባ ሻይ በከረከዴ ነበር። ሰማንያ አራት ኪሎ የነበርሁት ሰው የትራክተሩ መሪ እየከበደኝ መጣ። ሰው «ሲሳይ ስኳር ይዞታል» ይላል፣ ሌላው «ቲቢ ነው» ይላል፤ ከዚያ የከፋውንም በጎን ይነጋገሩ ነበር።

ሽንፋ ያለ አንድ ክሊኒክ «ቶንሲል ነው» ብሎ መርፌ ወጋኝ። ገንዳ ውኃ ከተማ ያየኝ ባለሙያ «ጨጓራ ነው» አለና የሚዋጥ ክኒን አዘዘልኝ። ክኒኑን ይዤ ስወጣ መንገድ ላይ ቆሜ በራሴ ሳቅሁ። መዋጥ ላልቻለ ሰው የሚዋጥ! ያልጋነሽ በድንጋይ ፈጭታ በማር ሰጠችኝ፤ ጨጓራዬ ጤነኛ ስለነበር ምንም አልጠቀመኝም። መተማ ከተማ ደግሞ «እንጥልህ ወርዶ ነው፤ ቢቆረጥ ዛሬውኑ ትበላለህ» የሚል ሰው አገኘሁ። ልሄድለት ቀን ቀጥሬ ነበር።

ያልጋነሽ ስትሰማ ወገቧን ይዛ በር ላይ ቆመች። «ያ ሰውዬ ምላጩን ይዞ እዚህ ደጅ ቢመጣ በዱላ ነው እምቀበለው! ጉሮሮህን ማንም አይነካውም!»

በየካቲት የወንድሟ ሠርግ መጣ። ከሠርጉ መቅረት አይቻልም፤ ሄዶ አለመብላትም አይቻልም። ሙሽራው ራሱ ከመቀመጫው ተነስቶ ጠቅልሎ መጣ። «ጋሼ ሲሳይ፣ በሞቴ! የዛሬን እንቢ ካልኸኝ ወንድምም አይደለህ!» አለና አጎረሰኝ። ሰው ሁሉ ያያል። ፈገግ ብዬ ተቀበልሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ ተነስቼ ከዳሱ ኋላ ሄድሁና ተፋሁት። ቀና ስል አማቴ እማማ ዘውዲቱ ቆመው አዩኝ።

ተቀየሙኝ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። «ልጄ፣ ይሄ በሽታ አይዶል፤ ስትበላ ያየህ ዓይን አለ» አሉ። በማግስቱ ወደ ጸበል ይዘውኝ ሄዱ። ሙሽራው ግን ነገሩን ከሰው ሰምቶ ለወራት አላናገረኝም። «የእህቴ ባል ድግሴን ተጸይፎ ተፋው» ብሎ ነበር።

ጸበሉ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሰነበትሁ። በእምነቴ አላፍርም፤ ልቤም እዚያ ተረጋግቶ ነበር። አንድ ቀን አጥማቂው አባት በቅል የሰጡኝን ጸበል ስጠጣ ትክ ብለው አዩኝና «ይሄን ሁሉ ውኃ እንዴት ዋጥኸው?» አሉኝ።

«ውኃ ይወርድልኛል አባ።»

«እንግዲያ ጉሮሮህ አልተዘጋም። ጉሮሮ ቢዘጋ ውኃውም ቆሞ በቀረ። እኔ እጸልይልሃለሁ፤ አንተ ግን ጎንደር ሂድና ትልቅ ሐኪም ይይህ።»

ሁለት ፍየሎች ሸጠን በሚያዝያ ጎንደር ወጣን። በትልቁ ሆስፒታል ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ወረፋ ነው። አግዳሚው ላይ ከእኛ ጎን የተቀመጡ የደምቢያ ሴትዮ ለሦስት ቀን ቦታችንን ያዙልን፤ እኛም የእሳቸውን ያዝንላቸው። የታዘዘልኝ ምርመራ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ እስከ ጨጓራ የሚያይ ነው። ጉርሻ የሚያንቀው ሰው ቱቦ ዋጥ ሲባል አስቡት። ስሜ ሲጠራ ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላደርግ ከግቢው ወጣሁ።

ያልጋነሽ ተከትላኝ መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ከመንገዱ ዳር አጠገቤ ተቀመጠችና «ነገም ጎንደር አለች። ከነገ ወዲያም አለች። የት ትሄድብናለች?» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ገባሁ። እጄን ነርሷ ስለያዘችው ያልጋነሽ እግሬን ያዘች። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ ለእኔ ግን አንድ ክረምት ነበር።

ውጤቱን ያነበበው ሐኪም «ንጹሕ ነው። ምንም የለብዎትም» አለኝ። ሰው ምንም የለብህም ሲሉት ደስ ይለዋል። እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። ምንም ከሌለብኝ ታዲያ ለምን እሞታለሁ?

ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀምጦ ወንበሩን ወደኔ ሳበ። «ሊውጡ ሲሉ ምን ይታሰብዎታል?»

በሰባት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የፍየሉን ሥጋ ነገርሁት። ትንፋሼ የጠፋበትን፣ የሰዎቹ ድምፅ የራቀበትን፣ ሁሉም የሳቀበትን። አዳምጦ ሲጨርስ አንዲት ወረቀት ጻፈና «ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ» አለኝ።

ተናደድሁ። «እኔ ዕብድ ነኝ? ራሴን አውቃለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ልጆቼን አሳድጋለሁ!» እያልሁ ኮሪደሩ ላይ ቆምሁ።

«ጎንደር ላይ ማን ያውቀናል? ግባ ዝም ብለህ» አለች ያልጋነሽ እየገፋችኝ።

ገባሁ። አግዳሚው ላይ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው አለ። ጋዜጣው ዝቅ ሲል የመተማ የሰሊጥ ደላላ ነው፤ ገበያውን በድምፁ የሚያንቀጠቅጥ ሰው። ተያየን።

«አንተም?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እኔም።»

«እንግዲህ አልተያየንም።»

«የት ተያይተን!» አልሁት። ያልጋነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ሳቀች። እኔም ከስንት ወር በኋላ ሳቅሁ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ታናሽ እህቴ ብትሆን ነው። ጊዜ ሰጥታ አዳመጠችኝ። ያለብኝ ፎቢያ እንደሚባል ነገረችኝ። ፎቢያ ማለት ልክ ያለፈ ፍርሃት ነው፤ ሰውየው ልክ እንዳለፈ ያውቀዋል፣ አካሉ ግን አይታዘዘውም። አንዱ ከፍታ፣ አንዱ መርፌ፣ አንዱ ሰው ፊት መቆም ይፈራል። እኔ የምፈራው መታነቅን ነው።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ትራክተር ነጂ ነኝ።»

«እንግዲያ ይገባዎታል። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ የዘይት መብራት ቢበራ ምን ያደርጋሉ?»

«ሽቦው ነው የተበላሸው እላለሁ።»

«የእርስዎም እንደዚያ ነው። ጉሮሮዎ ደህና ነው፤ የአደጋው መብራት ግን አልጠፋ ብሎ ቀርቷል።»

የጻፈችልኝ ፍሉኦክሰቲን የሚባል እንክብል ነው። «የድባቴ መድኃኒት ነው» ስትለኝ ደነገጥሁ።

«እኔ ድባቴ የለብኝም፤ መብላት ነው እምፈራው።»

«ስሙ አያስደንግጥዎት። ለድባቴ ተብሎ ወጣ እንጂ ለከባድ ፍርሃትና ጭንቀትም እንሰጠዋለን። ደግሞ ይህን ያህል ወር ሳይበሉ ልብዎ አላዘነም ለማለት አልደፍርም።» ቀጥላ እንዲህ አለች፦ «ግን መድኃኒቱ ብቻውን አያበላዎትም። መብራቱን ያደበዝዝልዎታል፤ መንዳት ያለብዎት እርስዎ ነዎት።»

ጥንቃቄውን ለሁለታችንም ቁጭ አድርጋ ነገረችን። ጥቅሙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ አይታይም። መጀመሪያ ሰሞን ማቅለሽለሽ፣ መቅበዝበዝ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል። መጠጥ አይነካም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀን ሳይቆጥሩ መመለስ ነው። ተሻለኝ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቆም አይቻልም። እንክብሉን መዋጥ ስለማልችል ለጊዜው ከፍተን ዱቄቱን በውኃ በጥብጠን እንድጠጣው ፈቀደችልኝ። ይህ ለሁሉም መድኃኒት እንደማይሆን፣ ሳይጠይቁ ማድረግም ጥሩ እንዳልሆነ አስጠነቀቀችን።

ከዚያ ወደ ያልጋነሽ ዞራ «እርስዎ ደግሞ 'ብላ' አይበሉት። በሞቴ የለም። ሲውጥም ጉሮሮውን አይመልከቱ» አለቻት። ለጎንደር ሴት ከዚህ የከበደ ትእዛዝ አለ? ያልጋነሽ ግን ራሷን ነቀነቀች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መጥፎ ነበሩ። ሆዴ ይገለበጣል፣ እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም። «ይሄ መድኃኒት ጭራሽ ሊያሳብደኝ ነው» ብዬ ብልቃጡን ልወረውረው አንስቼ ነበር። ያልጋነሽ «ዶክተሯ ይሄን ብላን የለም ወይ? እንዳለችው ነው የሆነው። ይሄን ካወቀች ሌላውንም ታውቃለች» አለችኝ። መድኃኒቱን ያላስጣለኝ ያ ንግግር ነው።

ልምምዱን ከቀላሉ ጀመርን። ከሙቁ ወፈር ያለ ገንፎ፣ ቀጥሎ የተፈጨ ሙዝ፣ ቀጥሎ ፉል ውስጥ የራሰ ዳቦ። በእያንዳንዱ ላይ ፍርሃቱ ይመጣል፤ እኔም ሳልሸሽ እንዲያልፍ እጠብቀዋለሁ። ያልጋነሽ አጠገቤ ተቀምጣ ግድግዳውን እያየች የጎረቤት ወሬ ታወራልኛለች። የማን ላም እንደ ወለደች፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ። ያን ሰሞን ያወቅሁትን የሽንፋን ምስጢር የንስሐ አባት እንኳ አያውቀውም።

በአምስተኛው ሳምንት ግድም አንድ ነገር ታወቀኝ። ዳቦ እያላመጥሁ ስለ ትራክተሩ ማረሻ ዲስክ አስባለሁ። ስለ ጉሮሮዬ አይደለም፤ ስለ ዲስኩ! ዳቦው ወርዶ አልቋል። ፍርሃቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ጎረቤት ቤት እንደሚጮህ ራዲዮ ሆኖልኝ ነበር። በሰኔ አንድ ጠዋት እንክብሉን ሳልከፍተው በከረከዴ ዋጥሁት። ያልጋነሽ ስነግራት እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤቶች ወንድ ልጅ የተወለደ መስሏቸው መጡ።

ያኔ ወደ ሙሽራው ቤት ሄድሁና እውነቱን ነገርሁት። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝ። «ጋሼ፣ ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። ምንም አልነበረበትም። ሰባት ወር የበላኝ ፍርሃቱ ብቻ አልነበረም፣ ዕፍረቱም ነው። ስለዚህ ወገኖቼ፣ አፋችሁ ውስጥ ያለውን ከመትፋታችሁ በፊት ልባችሁ ውስጥ ያለውን ለአንድ ሰው ንገሩት። ደግሞ መድኃኒት አትዋዋሱ። «ከዚያ ካንተ ክኒን ትንሽ ስጠኝ» ብለው ደጄ የመጡ አሉ፤ አልሰጠሁም። ለአንዱ የተለካ ጫማ ሌላውን ያቆስላል። ከአንዱ ጋር ግን አብሬው ሄጄ ወረፋ ይዤለታለሁ።

እኔ እንክብሉን ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ወሰድሁ። ከዚያ የምትከታተለኝ ባለሙያ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሰችልኝ አቆምሁ። አሁን እንጀራም ሥጋም እበላለሁ። ሥጋ ስበላ አላወራም፤ በደንብ አላምጣለሁ፤ ይህንንም ፍርሃት አልለውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን በልቤ የቀረው መድኃኒቱን በጀመርሁበት ዓመት፣ በነሐሴ የሄድነው ጉዞ ነው። ጎንደር መመላለስ ስለከበደን ክትትሌ ወደ ገንዳ ውኃ ተዛውሮ ነበር፤ እዚያ የአእምሮ ጤና ነርስ አለች። በክረምት ደግሞ ዋልካው ጭቃ መኪና አያሳልፍም። መድኃኒቴ ሊያልቅ አራት ቀን ቀረው። ባለሀብቱን ብለምነው «ትራክተሩን ይዘህ ሂድ፤ ካንተ ጤና አይበልጥም» አለኝ። ያልጋነሽ «ብቻህን አትሄድም» ብላ ላስቲክ ለብሳ፣ ቦቲዋን አድርጋ፣ ከጎማው መከለያ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጎማው ጭቃውን ይረጫል፣ እሷ ትስቃለች። ሁለት ቦታ ጅረት ሞልቶ እስኪጎድል ጠበቅን።

ገንዳ ውኃ ስንደርስ ነርሷ በጭቃችን ሳቀች። ስለ እንቅልፌ፣ ስለ አመጋገቤ ጠየቀችኝና «ሌላ ያስቸገረዎት ነገር አለ?» አለች። «የለም» አልሁ። ያልጋነሽ «አለ እንጂ፣ ሲስተር! በመኝታ ነገር ቀዝቅዟል» ብላ ጉዴን አወጣችው። ነርሷ ከመድኃኒቱ ሊሆን እንደሚችል፣ ብዙ ሰው ላይ እንደሚታይና ከባሰ ልኩ ሊስተካከል እንደሚችል ነገረችን። እሷ ባትናገርልኝ ኖሮ መድኃኒቱን በዚያ ሰበብ እተወው ነበር።

ከዚያ ሚዛን ላይ ቆምሁ። ሚያዝያ ላይ ሃምሳ ዘጠኝ ነበርሁ፤ ሰባ አንድ ሆንሁ። ያልጋነሽ አጨበጨበች።

«እርስዎም ይውጡ እስቲ» አለቻት ነርሷ።

«እኔ ምን አመመኝና?»

«ግድ የለም፣ ይውጡ።»

ከነቦቲዋ ወጣች። አርባ አራት ኪሎ።

«ሚዛኑ ነው የተበላሸው» አለች ያልጋነሽ ቶሎ ብላ።

«ሚዛኑማ አሁን ባለቤትዎን በደንብ መዝኗል» አለች ነርሷ።

ታናሽ ልጃችንን በወለደች ጊዜ ከስልሳ በላይ እንደነበረች አስታውሳለሁ። ቀና ብዬ አየኋት። የጉንጯ አጥንት ወጥቷል፤ ቀሚሷን በመቀነት ሁለት ዙር አስራዋለች። አሥር ወር ሙሉ የራሴን ጉሮሮ ስጠብቅ የሚስቴን ፊት አላየሁም።

«ያልጋ፣ አትበይም እንዴ?» አልኋት።

መጀመሪያ ልትስቅ ሞከረች። ከዚያ ቦቲዋን እያየች «አንተ ሙቅህን ይዘህ እያየኸኝ እኔ እንጀራ ልጎርስ? አይወርድልኝማ። 'በኋላ ብቻዬን እበላለሁ' እላለሁ፤ በኋላም ይቀራል። እንዲያው እንዲያው ለመድሁት» አለች።

እጇን ይዤ ከሚዛኑ አወረድኋት።  ነርሷም ስለ እንቅልፏና ስለ ሐሳቧ ጠየቀቻት፣ ደም አሰጠቻት፣ ለእሷም ካርድ አወጣችላት። ቀጠሯችን በአንድ ቀን ሆነ።

ከጤና ተቋሙ ወጥተን ፉል ቤት ገባን። ባለቤቱ ሱዳን ኖሮ የመጣ ሰው ነው፤ ሁለት ሳህን ፉልና ትኩስ ዳቦ አቀረበልን። እኔ ቆርሼ፣ አጥቅሼ ጎረስሁ። አላመጥሁ፣ ዋጥሁ። ሁለተኛም ደገምሁ። ያልጋነሽ እኔን ታያለች። ሦስተኛውን ስጎርስ እጇን ታጠበች።

ቀስ ብላ ጀመረች። በኋላ ግን ቃሪያ አስጨመረች፣ ሽንኩርት አስጨመረች። ሳህኗ ሲያልቅ ባለቤቱ መጥቶ «ልድገም?» አላት። ወደኔ ሳታይ «ድገም» አለችው።

«ተማም!» ብሎ ሄደ፤ በሱዳኖች ቋንቋ «እሺ» ማለቱ ነው።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። እስኪመሽ ከቆየን መንገዱ ላይ መቅረታችን ነው።

«ያልጋ፣ እንሂድ፤ ጅረቱ ሳይሞላብን» አልኋት።

ዳቦውን እየቆረሰች «ቆይ፣ ልጨርስ» አለችኝ።